በግዝት የተያዘ የጃንሆይ ብር

አዛለችን ማንም አልጠራት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሀብቴ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጥሩምባ አስነፍቶ «አባወራ ሁሉ ይምጣ» ሲል፣ አባወራ የተባለ ሁሉ ሄደ። እሷ ባሏ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ጎጆ ይዛ፣ በሬ አስጠምዳ፣ ግብር ገብራ የኖረች ሴት ናት። ጥሩምባውን ከአጥሯ ውስጥ ሆና ሰማችና ጥጧን መፍተል ቀጠለች። ሳይጠሯት የምትሄድበት ቤት አልተሠራም።

የጃንሆይ መልክ ያለበት ብር መሻሩን፣ በደርግ አዲስ ብር መለወጡን የሰማችው ከወር በኋላ ነው፤ ያውም አርብ ገበያ፣ ከጨው ነጋዴው ከታሂር አፍ። ጨው አስመዝና ብሯን ብትዘረጋለት እጁን ሰበሰበ።

«እማማ አዛለች፣ ይሄ እኮ ቀረ።»

«ምን ሆነ? ባለፈው የተቀበልከኝ ያው አይደል?»

«ባለፈውማ ባለፈው ነው። የባንክ ሰዎች ከደብረ ታቦር መጥተው ያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እየለወጡ ነው። ሰኞ ቀትር ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ እሳት ማያያዣ ነው የሚሆንዎት። ቤት ያስቀመጡት ካለ ቶሎ ያምጡ።»

ጨዉን መለሰችለት። «እሱን ይውሰዱት፣ ሲሆንልዎ ይሰጡኛል» ቢላት «የማልከፍለውን አልልስም» ብላ ጥላው ሄደች።

ሀብቴን እዚያው የከብት ተራ ላይ አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአባወራው ነግሬያለሁ። አንቱ ደግሞ ምን ገንዘብ አለዎት ብዬ ነው?» አለና አጠገቡ ወደቆሙት እያየ ሳቀ።

«ግብር ስትሰበስብ ደጄ ጠፍቶህ አያውቅም» አለችው። «ለመቀበል ሲሆን እግርህ ያገኘኛል፤ ለመናገር ሲሆን አፍህ ይስተኛል።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እሷ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም።

ገንዘብስ ነበራት። ልጅ የላትም። የሞተች ለት የሚከፍናት፣ በአርባዋ ካህናቱን ሰብስቦ ተዝካሯን የሚያበላላት የለም። ይህን ስለምታውቅ ሃያ ዓመት ፈትላ፣ ቅቤና ማር ሸጣ፣ ከአፏ ነጥቃ በቅል አጠራቀመች። በድርቁ ዓመት የወንድሟ ልጅ ገብሬ «በሬዬ ሞተብኝ» እያለ ደጇን ሲመላለስ ልቧ ሊከዳት ሆነ። ያኔ ቅሉን በሰም አሽጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ለንስሐ አባቷ ለቄስ ወልደ ሰንበት ወሰደችና በሦስት ሽማግሌ ፊት አስገዘተች። አዛለች ሳትሞት ይህን ቅል የከፈተ፣ ያስከፈተ፣ ከዕቃ ቤቱ ደፍ ያሳለፈ ውጉዝ ይሁን ተባለ። «እኔው ራሴ አልቅሼ ብመጣ እንኳ እንዳይሰሙኝ» ብላ ጨመረችበት። ሽማግሌዎቹ ብልኅነቷን አደነቁ፤ እሷም ያን ለት ደረቷን ነፍታ ገባች።

ቅዳሜ ማለዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ቄሱን ጠብቃ ያዘቻቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«የነጋዴ ወሬ ይሆናል፣ ልጄ» አሉ።

ልጄ ይሏታል። ቆሎ ተማሪ ሆነው ውሻዋን እየፈሩ ሲለምኑ፣ ቁራሽ ይዛ የምትወጣላቸው እሷ ነበረች።

«ታሂር በሚዛን እንኳ አጉድሎብኝ አያውቅም፣ አባ። ቅሉን ይስጡኝ።»

«እንዳልሰማሽ ያስገዘትሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ያን ጊዜ ብር ብር ነበር። ንጉሥ ይሻራል እንጂ ገንዘብ ይሻራል ያለኝ ማን ነው?»

«ግዝት ግን አይሻርም። በታቦቱ ፊት የታሰረ ነው፤ እኔ ብቻዬን አልፈታውም። ጎንደር ሄደሽ ጳጳሱን ጠይቂ።»

«እስከ ጎንደር ስንት ቀን ነው?»

ሄዶ እስከ ሰኞ አይመለሱበትም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«እንግዲያው እንደታሸገ ይሸከሙልኝ። ቆርቆሮ ቤቱ ድረስ እርስዎ ይዘውት ይሂዱ፤ የመንግሥት ሰው ይክፈተው። እኔም እርስዎም አንከፍተውም።»

«ከደፉ ያሳለፈ፣ ያስከፈተ ብለሻል።»

ብላለች። ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነችው በገዛ እጇ ነው። ለገብሬ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ራሷ ቆማለች፤ መውጫ ብትፈልግ ያስቀረችው የለም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የዕቃ ቤቱ በር ከአሥር እርምጃ አይርቅም። ሃያ ዓመቷ እዚያ ውስጥ በሰም ታሽጎ ወረቀት ሊሆን ነው። እንባዋ መጣ። ሰው ሳያይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እግዚአብሔር ያውቅልሻል» አሉ ቄሱ ለስለስ ብለው። «ምን ላድርግልሽ? አቅም የለኝም።»

ቀና አለች።

«አቅምስ አለዎት። ግዝቱ እርስዎን ካስፈራዎት እኔን ደግሞ ያለ ከፈን መቀበር ያስፈራኛል። ያኔ የነበሩትን ሦስት ሽማግሌዎች ያስጠሩ። የእጅዎን መስቀል ያንሡና እንዲህ ብለው በራስዎ ላይ ይገዝቱ፦ አዛለች የሞተች ለት ከፈኗን እኔ እገዛለሁ፣ ፍትሐቷን ያለ ዋጋ እፈታለሁ፣ ተዝካሯን ከገዛ ጎተራዬ አበላለሁ፣ ይህን ባላደርግ ውጉዝ ልሁን ይበሉ። ይህን ከፈጸሙልኝ ቅሉ እዚያው ይበስብስ። ካልሆነ ግን ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ቆርቆሮ ቤቱ ሳይዘጋብኝ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እዚህ መዳፌ ላይ ያኑሩልኝ።»