አማካሪ ፍለጋ

ልጅቷ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስትቆም ኤርጎጌ መጀመሪያ ያየችው ጃኬቷን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አባል የነበረችበት የእህቶች ኅብረት ሐምራዊ ጃኬት። ለአፍታ ጽጌሬዳ የመጣች መሰላትና ስትቆርጠው የነበረውን የመጋረጃ ጨርቅ ለቀቀችው። የፎርድስበርግ ገበያ የከሰዓት ጫጫታ አያድርስ ነው፤ ለእሷ ግን ሁሉም ጭር አለባት።

«እህት ኤርጎጌ? ፊቤ እባላለሁ። ኮዝሞ ሲቲ ስፓዛ ሱቅ ያለው የዱካሞ ልጅ ነኝ። አሁን የኅብረቱ ሰብሳቢ እኔ ነኝ።»

ፊቤ የመጣችበትን ጉዳይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችበትም። ከቀድሞ አባላት መካከል አንዲት አማካሪ ካላገኙ ዩኒቨርሲቲው ኅብረቱን ይዘጋዋል። ያልደወሉለት ተመራቂ የለም። አንዷ ወልዳለች፣ አንዷ ኬፕታውን ገብታለች፣ የቀሩት ስልክ አያነሱም።

«ሁሉም ቢዚ ነው። ሪሊ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽን።»

ስልክ የማያነሱበትን ምክንያት ኤርጎጌ ታውቀዋለች። ጽጌሬዳ የታመመች ሰሞን እነሱም ነበሩ። ጽጌሬዳ እንቅልፍ አጥታ ከግድግዳ ጋር ማውራት ስትጀምር፣ በኅብረቱ ደንብ ታላቅ እህት ሆና የተመደበችላት ኤርጎጌ ነበረች። እህቶች ሁሉ ጾም ጸሎት ያዙላት፤ በየተራ አብረዋት አደሩ። እናቷ ሲደውሉ «ፈተና ላይ ናት» አሏቸው። ክሊኒኩ ከማደሪያቸው ፊት ለፊት ነበር፤ ግን ሁሉም ለጋ ነበሩ፣ ውሰዷት የሚል አዋቂ በመካከላቸው አልነበረም። አንድ ማለዳ ጽጌሬዳ በባዶ እግሯ ወጣችና መኪና ገጭቶ ገደላት።

ከዚያ ወዲህ ማንም ኤርጎጌን ወቅሷት አያውቅም። እናትየው እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ሜይፌር ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት እቅፍ አድርገው «የልጄ እህት» ይሏታል። ቢረግሟት ይቀላት ነበር።

«አልችልም» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ፊቤ ፊቷ ቢጠቁርም አልተከራከረችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ዞረች።

«እሺ። በጸሎት ግን አስቢን። ቤዛ የምትባል አዲስ ልጅ አለች፤ ሰሞኑን አትተኛም፣ ለብቻዋ ታወራለች። ሁላችንም ፋስቲንግ ላይ ነን። ቤተሰቦቿ እንዳይጨነቁ ምንም አላልናቸውም።»

የተናገረችው በኩራት ነበር። ኤርጎጌ መቀሱን አስቀመጠች። ከኋላዋ፣ ከተሰቀሉት ጨርቆች መሃል፣ ሰው ሲተነፍስ የሰማች መሰላት፤ ዞር ለማለት ፈራች።

«አሁን ማን አብሯት አለ?»

«አሁንማ... ሌሎቹ ክላስ ናቸው።»

«የእናቷን ቁጥር ስጪኝ።»

«እህት ኤርጎጌ፣ ደንቡ እኮ ለቤተሰብ...»

«ስጪኝ ነው የምልሽ!»

ፊቤ ደውላ ስልኩን አቀበለቻት። ኤርጎጌ የሱቁን በር ክፍት ጥላ እየወጣች ነበር የቤዛ እናት ድምፅ የመጣው፤ ደንበኛ እያስተናገዱ ነው መሰል «ሳውቦና፣ ሳውቦና» እያሉ በዙሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ፊቤ፣ አንቺ ነሽ? ልጄ ደህና ናት አይደል?»

ኤርጎጌ መንገዱ መሃል ቆመች። የታክሲዎቹ ጥሩምባ ጮኸባት።

«ደህና አይደለችም፣ እናቴ» አለች። «እኔ ወደ እሷ እየሄድኩ ነው። እርስዎም ይምጡ።»