ጠባቂ፦ ሽቦ

ወንድም ጋሼ በሞተ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ አንድ ሰው ፓኬጁ ላይ «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ምልክት ለጠፈበት።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ብዙ ፕሮግራሞችን ለተጠቃሚ የሚያዘጋጁት ደመወዝ የሌላቸው ፈቃደኞች ናቸው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የሚባል አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ይጽፋል፤ ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን ከምንጩ ያወርዳል፣ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጡ ከተጻፈው ዝርዝር አይቶ ያመጣል፣ ገጣጥሞ ይጭናል። የወንድሜ ስክሪፕት ወደ ጥልፍ ማሽን ንድፍ ለሚልክ ፕሮግራም ነበር። የጻፈው ለእኔ ማሽን ነው፤ ኋላ መቶ ምናምን ሰው ተጠቀመበት። አናቱ ላይ «ጠባቂ፦ ሽቦ» ይላል። ሽቦ እሱ ነው፤ በቅጥነቱ የወጣለት ስም።

ጠባቂው በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ፓኬጁ «ወላጅ አልባ» ይባልና ቀድሞ የጠየቀ ይረከበዋል፤ የራሱንም ስም አናቱ ላይ ይጽፋል። እኔ ያ መስመር እንዲነካ አልፈለግሁም። ኮቱን እንኳ ከበሩ ጀርባ አላነሳሁም።

ጃርት የሚባል ተጠቃሚ «ጠባቂው ሞቷል እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ በወንድሜ ስም ገብቼ «ሰሞኑን አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ያስተማረኝ የለም፤ የማውቀው ከትከሻው በላይ አጮልቄ ያየሁትን ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ የፕሮግራሙን የእትም ቁጥር ወደ አዲሱ ቀየርኩ፣ በሱ ኮምፒውተር ላይ ገጣጠምኩት፣ ማሽኔ አንድ ቅጠል ጠለፈ። ስክሪፕቱን ለሁሉም ላክሁት። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው አቤት ይላል፤ አይገጣጠምም።

«እኔ ጋ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንተ ጋማ ለምን አይሠራ!» አለ ጃርት። «ሁሉን ጭነህ ተቀምጠሃል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልጻፍከው ነገር አለ። ባዶ ቦታ ላይ ሞክረው።»

ወንድሜ በአሥር ዓመት የጫነው ሁሉ እዚያው ነበር፤ አንዱንም አልነቀልኩም። ከዝርዝሩ የጎደለው ከነዚያ ሁለት ሺህ አንዱ ነው። ስድስት ቀን በግምት አንዱን ስጨምር ሌላውን ስቀንስ፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ስድቡ ደግሞ የሚወርደው በሱ ላይ ነው። «ሽቦ ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ዛገ» አለ አንዱ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከዕቃ ጋር ምን ያጨቃጭቅሻል?» አለችኝ።

«ተይኝ እማዬ። ስሙን እያሰደብኩት ነው።»

«ታዲያ ሰው ጠይቂያ! እሱ ሲቸግረው አይጠይቅም ነበር?»

ጠየቅሁ። «ሽቦ ሞቷል። እህቱ ነኝ። ባዶ ቦታ ማለት ምንድን ነው?»

ጃርት አንድ ሰዓት ቆይቶ መለሰ። «ነፍሱን ይማረው። ያን ያልኩት ሳላውቅ ነው፤ ይቅርታ እህቴ።» ወዲያው ቀጥሎ፣ «ግን አሁንም አይሠራም። ደግሞ በሰው ስም መግባት አይፈቀድም። በራስሽ ስም ግቢና ተረከቢው።»

«የሱ ስምስ?»

«ማን ያጠፋዋል? አንድ መስመር ዝቅ ብሎ 'የቀድሞ ጠባቂ' ተብሎ ይቀመጣል። ሁሌም እንዲያ ነው የምናደርገው።»

ሁሌም! ይህን የሚነግረኝ ጠፍቶ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀን የዋሸሁት።

ጃርት ያሳየኝ ዘዴ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ምንም ያልተጫነበት ጊዜያዊ ክፍል ይከፍታል። እዚያ ስገጣጥመው፣ በአራት ደቂቃ የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ቆመ። አራት ደቂቃ! እኔ ስድስት ቀን ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም።

ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩት፤ ተገጣጠመ። የቀረው የወንድሜ ስም ነው። የራሴን አናቱ ላይ ጻፍኩ፣ የሱን ዝቅ አደረግሁ። እጄ መላኪያውን አልጫን አለኝ።

«ስሙ አለ?» አለች እናቴ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ።

«አለ። ሁለተኛ ላይ።»

«ይሁና። እሱ መቼ አንደኛ ወጥቶ ያውቃል!»

«እማዬ!» አልኳት፤ ላክሁት።

ከምሳ በኋላ አንድ ሰው «ደግሞ ምኑን አበላሻችሁት?» ብሎ ጻፈ። አናት ላይ ያለውን ስም ጠርቶ ሰደበ፤ የእኔን።