ሁሉም ስማቸው «ውጤት»

ላይስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ፣ የላቦራቶሪው ጸሐፊ ኡም ሱሃይብ በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ልጄ፣ የሰው ትዳር አፍርሻለሁ" አሉት።

ኢርቢድ ከተማ ውስጥ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ሙሽሮቹ ደማቸውን ይመረመራሉ። ሁለቱም ታላሴሚያ የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ከተሸከሙ፣ የሚወልዱት ልጅ ዕድሜ ልኩን የሰው ደም እየተሰጠው ሊኖር ይችላል። ለሚስጥር ሲባል ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም። ኡም ሱሃይብ ላይስ ከሠራው ድረ ገጽ ላይ እያወረዱ ለየቤተሰቡ በዋትሳፕ ይልካሉ። ድረ ገጹ ታዲያ ሁሉንም ሰነድ «ውጤት» ብሎ ነው የሚያወርደው፤ ኮምፒውተሩም «ውጤት 1»፣ «ውጤት 2» እያለ ይደረድረዋል፤ እሳቸውም በዚያው ተራ ይልካሉ። ማክሰኞ ዕለት ሴትዮዋ አንዱን ሳያውቁ ሁለቴ አወረዱና ከዚያ ወዲያ ያለው ተራ በሙሉ ተዛነፈ። የሌሎቹ ወረቀት ሁሉ ንጹህ ስለነበር ማንም አልነቃም። አንዱ ብቻ ሲቀር፤ እሱ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው ይል ነበር። ያ የደረሳቸው ሰዎች ትናንት ቀለበት መለሱ። ዛሬ የልጅቷ እናት እያለቀሱ ሲመጡ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ዓምና ኡም ሱሃይብ የወረቀቱን ቁጥር የፋይሉ ስም አድርግልኝ ብለው ለምነውት ነበር። የፋይል ስም ማን ያያል ብሎ ስቆ አለፋቸው።

ላይስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ታዲያ ይኼ ወረቀት የማን ነው?"

"የሙንተሲርና የሩባ። እነሱን ንጹህ ናችሁ ብዬ ልኬያቸዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ኒካሁን ሊፈራረሙ ነው።"

የምን ጉድ ነው! ሰዓቱን አየ።

የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተር ሹክሪ ግን ከውስጥ ወጥተው፣ ነገሩ የሳምንቱ ሥራ እሑድ ሲጀመር ይታያል አሉ። ላይስን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ "አንተ ስሙን አስተካክል፣ የቀረውን ለእኔ ተወው። ወሬው ከወጣ ማን ደሙን ይዞ ይመጣል?" አሉት።

ላይስ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንዲት መስመር ለወጠና ሞከረ። ሰነዱ በቁጥሩ ተሰይሞ ወረደ። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለአራት ደቂቃ ሥራ! በራሱ አፈረ፤ ከመፈራረማቸው በፊት ሊያደርስላቸው የሙንተሲርንና የሩባን ትክክለኛ ወረቀት አተመ።

ኡም ሱሃይብ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተነሱ። የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ብቻህን አትሄድም አሉት።

"ምን ብለህ ልትነግራቸው ነው?" አሉ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመው።

ላይስ እስክሪብቶ አንስቶ፣ ከወረቀቱ ግርጌ የራሱን ሙሉ ስምና የስልክ ቁጥር ጻፈ።

"ከስሜ እጀምራለሁ" አለና አልፏቸው ወጣ።