የሚመራ አይናገርም

ሂባ ስትደውል ባምባሲ ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ነበር። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታውን እንኳን ሳታስጨርሰኝ፣ «ቅዳሜ አሶሳ ትመጣለህ። የኳስ ጌም ውድድር አለ፤ አስመዝግቤሃለሁ» አለችኝ።

«ሂባ፣ እኔ እኮ አሁን መምህር ነኝ።»

«እኔስ ነርስ አይደለሁም? ሰራዊት ባጃጁን አቁሞ ይጫወታል። ሚፍታህም ከማንኩሽ ይመጣል፤ እሁድ በጠዋት ነው የሚመለሰው።»

ሚፍታህ የሚለውን ስም ስሰማ ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ቆመ። «እመጣለሁ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። በኋላ ሳየው፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ነው ያለውን ተማሪ ትክክል ብዬለት ኖሯል።

እኔ ምንያህል እባላለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ አሶሳ ዙሪያ የሰፈረ ገበሬ ነው። ልጁን ለትምህርት ከተማ ሰደደ፤ ልጁ ግን ከሂባ፣ ከሰራዊትና ከሚፍታህ ጋር ያደገው ዋፋ ቤት ነው። ዋፋ ቤት ማለት በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ናት። ፀሐይ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ በምስማር ተመትቷል። ባለቤቱ ዋፋ የበርታ ሰው ነው፤ ሚፍታህ «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ብሎ ሲጠራው የሰማን ሁሉ፣ ዘመድ ሆንንም አልሆንን፣ ዓሚ አልነው።

ዓሚ ዋፋ በር ላይ ጀሪካን ውሃ አስቀምጦ፣ «እጅ ታጠብ፤ ከዛ ግባ» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ማንጎ የደረሰ ጊዜ አሶሳ ውስጥ ንጹሕ እጅ ያለው ልጅ አይገኝም። እኛ ታጥበንም ቢሆን ጆይስቲኩ ይጣበቅ ነበር፤ ኳስ የማቀበያዋ ቁልፍ አንዴ ከተጫነች ለመመለስ ታመነታለች። ዛሬም የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ አውራ ጣቴ ይንቀሳቀሳል።

መብራት በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይሄዳል። ሲመለስ ጨዋታው የለም፤ ማሽኑ ሁሉንም ረስቶ ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ዓሚ ዋፋ የራሱ ሕግ ነበረው። መብራት በሄደ ቁጥር እየመጣ፣ «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልሰው የሚሸነፈው ልጅ ብቻ ነው፤ የሚመራው ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። መብራት ሲመጣ ደግሞ ጎል ይመለሳል፤ የሚሸነፈው ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጁን ያነሳል፣ ሌላኛው ሰተት ብሎ ሄዶ የቀድሞ ጎሉን ያገባል። እኩል እኩል ከሆኑ የፈለገው ይመልሳል፤ ጎሉንም ተራ በተራ ይገባባሉ። ከዚያ ከተቋረጠበት ይቀጥላል።

አንድ ቀን ሂባ ለምን የሚሸነፈው ብቻ እንደሚናገር ጠየቀችው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ምክንያት ሳይነገራት ውሃም አትጠጣም። ዓሚ ዋፋ እየሳቀ፣ «የሚያሸንፍ ሰው ስትጠይቀው ያበዛል። የሚሸነፍ ግን በራሱ አፍ ተሸነፍኩ ካለ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ እሱ ሰው ሆነ» አላት።

እኔ ሰው ሳልሆን የቀረሁበትን ቀን ደግሞ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስንበት ዓመት አዲስ አበባ የጌም ውድድር ሊደረግ ሆነ። ዓሚ ዋፋ፣ «ከዚህ ቤት አንደኛ የወጣውን እኔ አውቶቡስ አሳፍራለሁ» አለ። ለመጨረሻው ጨዋታ እኔና ሚፍታህ ቀረን። እኔ አዲስ አበባን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አክስቴ ኮተቤ ትኖራለች። ሚፍታህ ከባምባሲ ወዲያ አልፎ አያውቅም ነበር። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሳምንት ሁሉ አግዳሚው ላይ አጠገቤ እየተቀመጠ፣ «ባቡሩ እውነት ከሰው ራስ በላይ ነው የሚሄደው?» ይለኛል። አዎ እለዋለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠይቀኛል። ጫማውን እንኳን አጥቦ ለመንገድ አስቀምጦ ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ለአንድ ነበርን። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሳ፤ ከዋፋ ቤት ጣሪያ አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ በረረ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ዓሚ ዋፋም ሂባም ሰራዊትም፣ ቆርቆሮውን ሊይዙ ተንጋግተው ወጡ። እኛ ሁለታችን ብቻ ከወንበሩ አልተነሳንም። ያኔ ሚፍታህ ኳሷን ከመሀል ወስዶ፣ ሁለት ተከላካይ አልፎ አገባብኝ። ሁለት ለአንድ። አልጮኸም፤ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ሳይጨርስ መብራት ሄደ።

ዓሚ ዋፋ በዝናብ ርሶ፣ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ገባና፣ «ስንት ነው?» አለ።

ሚፍታህ እንደ ሕጉ አፉን ዘጋ። እኔን ነበር የሚጠብቀው። ያየኝ ጥርጣሬ በሌለው ዓይን ነው፤ ቢጠራጠር ኖሮ ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር።

«አንድ ለአንድ» አልኩ።

 ሚፍታህ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ተመለሰ። አልተከራከረም። የሚመራ አይናገርም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ እሱ አንድ አገባ፣ እኔ አንድ አገባሁ፣ ከዚያ ቀጠልን። እጁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ሁለት ለአንድ አሸነፍኩት።

አዲስ አበባ ሄጄ በመጀመሪያው ዙር አምስት ለዜሮ ተዘረርኩ። ለሰው የነገርኩት ጆይስቲካቸው ንጹሕ ስለሆነ እጄን አንሸራተተኝ ብዬ ነው። ስመለስ ሚፍታህ የለም፤ ጉባ ሄዶ ግድቡ ጋ ሥራ ገብቷል። የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጀመረ፣ በያጅ ሆነ፣ ማንኩሽ አግብቶ ቤት ያዘ። በዓል ሲሆን ሂባ በስልክ ስታገናኘን «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ» እንባባላለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን ዘጠኝ ዓመት አድሮ እንኳን አልጠራም። አሁን ሚፍታህ ለአንድ ቀን መጥቶ ሊሄድ ነው። ቅዳሜ ካልነገርኩት መቼም እንደማልነግረው አውቄ ነበር የሄድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አራታችንም በሰራዊት ባጃጅ ላይ ተጫንን። ሚፍታህ ትከሻው ሰፍቷል፤ እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ጨበጠኝ፤ «ወፍረሃል» አለኝ፤ ሌላ አላለም። ሰራዊት ሳንጠይቀው በዋፋ ቤት በኩል ዞረ። ቤቷ ፀጉር ቤት ሆናለች። ዓሚ ዋፋ ኩርሙክ ወርዶ ንግድ ከጀመረ ቆይቷል። ወርደን ቆመን አየናት። ጆንያው የለም፤ ምስማሩ ግን መስኮቱ ጥግ ላይ ዝጎ አለ። ሚፍታህ በጣቱ ነካው።

«ትንሽ ነበር እንዴ ይሄ ቤት?» አለ።

«ትንሽ ነበር። እኛ ነን ትንሽ መሆኑን ያላወቅነው» አለች ሂባ።

ያኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፀጉር አስተካካዩ ወጥቶ፣ «ግቡ፣ ወንበር አለ» ሲለን ዘጋሁት። መንገድ ላይ ደግሞ ሰራዊት እያወራ ሌላ ሰው መናገር አይችልም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበርኩ፤ ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣል፣ አንድ ሰበብ ያገኝና ይመለሳል። ፈሪ ሰው ምክንያት አይቸግረውም።

ውድድሩ የነበረው አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልቅ ነጭ ሸራ ላይ ጨዋታው በፕሮጀክተር ይታያል፤ ጆይስቲኩ ሽቦ እንኳን የለውም። ተወዳዳሪው ሁሉ አፍላ ወጣት ነው፤ ስንገባ ተነስተው ቦታ ለቀቁልን። የተማሪ ወላጅ መስለናቸው ነበር። ሰራዊት በመጀመሪያው ዙር አራት ለዜሮ ተሸንፎ፣ «ባጃጄ እያለቀሰች ነው፤ ስትጨርሱ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ወጣ። ሂባም ተሸነፈች፤ እሷ ግን ሽንፈቷን ከመቀበሏ በፊት ዳኛውን ሩብ ሰዓት ተከራከረችው። ዳኛው ዲሳሳ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ደንቡን በወረቀት አሳትሞ የያዘ ሰው ነው።

እኔ በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለት ልጆች አሸነፍኩ። ሚፍታህም ሁለት ጥሎ መጣ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ዲሳሳ ስማችንን ተራ በተራ ጠርቶ ጎን ለጎን አስቀመጠን።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጨዋታ ከጎኑ አልተቀመጥኩም። ሲያጠቃ ምላሱን በጥርሱ ይነክስ ነበር፤ ዛሬም ይነክሳል። ኳስ ሲነጠቅ በበርትኛ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ ዛሬም ያጉረመርማል። ናፍቆት በዚያን ሰዓት እንዲህ ይይዘኛል ብዬ አላሰብኩም። የናፈቀኝ ጨዋታው አልነበረም፤ ከዚህ ሰው አጠገብ ምንም ሳልደብቅ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

በስድሳኛው ደቂቃ አገባብኝ። አዳራሹ አጨበጨበለት። አሥር ደቂቃ ያህል ለማስመለስ ስሮጥ ሸራው ጭልም አለ። መብራት ሄደ።

«አንተ በያጁ» አለች ሂባ ከጨለማው ውስጥ፣ «ዘጠኝ ዓመት ግድቡ ላይ የት የቱን ነው የበየድከው?» ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጄነሬተር ሲነሳ ዲሳሳ ወረቀቱን እያነበበ መጣ። «ወንድሞቼ፣ ደንቡ ግልጽ ነው። ከሰባ አምስተኛው ደቂቃ በፊት ከተቋረጠ ጨዋታው ከዜሮ ይጀመራል።»

ሚፍታህን አየሁት። ጎሉ ሊጠፋበት ነው፤ ሁለት መቶ ሰው አይቶለታል፤ አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ከእሱ ጋር ነው። እሱ ግን አፉን ዘግቶ ወደ ሸራው ነው የሚያየው። ያንን አገጭ አውቀዋለሁ። ዋፋ ቤት፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን አይቼዋለሁ።

ተነሳሁ። «አንድ ለዜሮ እየተሸነፍኩ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ግን ደንቡ...»

«ተሸናፊው እኔ ነኝ። ጎሉን እመልስለታለሁ።»

ዲሳሳ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ ሚፍታህን አየ። «እንግዲህ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ» ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጆይስቲኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳሁ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ሳቁ። ሚፍታህ ሰተት ብሎ ሄዶ አገባ። አንድ ለዜሮ። አሁን ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ የምጀምረው እኔ ነኝ። ጀመርኩና ለእሱ ተጫዋች ሰጠሁት፤ ከዚያ ጆይስቲኩን መልሼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

ሚፍታህ ኳሷን እየገፋ እስከ ግቡ አፍ ደረሰና ቆመ። አዳራሹ «ምታው፣ ምታው» ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ ሳይዞር።

«ቆርቆሮው የሄደ ቀን ያገባኸው ነው። ሁለት ለአንድ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«ሁለት ለአንድ ነበር» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ስለወጣ የፊተኛው ወንበር ሁሉ ዞረ። ሂባ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። «ተሸንፌ ነበር። ዋሸሁ። አዲስ አበባ መሄድ የነበረብህ አንተ ነበርክ። ይቅር በለኝ፣ ሚፍታህ።»

ዓይኑን ከሸራው ላይ አላነሳም። «ዘጠኝ ዓመት አፌን ይዤ ቆየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለሂባ አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለምን? የሚመራ አይናገርም። አንተ እስክትናገር ነበር የጠበቅኩት።»

 እሱ ኳሷን ከባዶው ግብ ፊት መልሶ ወደ ውጭ ለጋት። አዳራሹ አጉረመረመ።

«እሱ ጎል ዋፋ ቤት ነው የገባው፤ እዚያ ይቀመጥ» አለኝ። «በል አንሳ። አሁን ተጫወት።»

አነሳሁ። በሙሉ ልቤ ተጫወትኩ፤ እሱም አልራራልኝም።

ስንወጣ ገና አልጨለመም። ሰራዊት ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ አንገቱን ብቅ አደረገና፣ «እሺ፣ እናንተስ? ስንት ለስንት?» አለ።

ሂባ ልትናገር ስትል ሚፍታህ እጇን ያዝ አደረጋት። እሱ ራሱ ከንፈሩን ገጥሞ፣ የባጃጁን ጎማ እያየ ቆመ። ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም።

«ሦስት ለዜሮ» አልኩ። «ተሸንፌያለሁ።»