የተራራው አምላክ የወረደ ዕለት

ካህኑ ኖሪሂሳ የመቅደሱን ደረጃ ሁለቴ አርፎ ወጣ። ከአባቱ የወረሰው አንድ መቅደስ ብቻ ነበር። የጃፓን ነባር እምነት የሆነው የሽንቶ ካህናት በየሸለቆው እያረጁ ሲሞቱ ግን የእነሱም መቅደሶች እሱ ትከሻ ላይ ወደቁ። ዛሬ የመጣው አንዱን ሊዘጋ ነው። መንደሩ ባዶ ሊሆን ስለተቃረበ የተራራው አምላክ ወርዶ ከታችኛው ከተማ አማልክት ጋር እንዲዳበል ተወስኗል።

በሩ ላይ ግን እማማ ቶሚኤ መጥረጊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የባላቸው ወንድም ጋሽ ጊሳኩ ደግሞ የመኪና ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ቆመዋል። በመንደሩ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

«እኔ ስሞት ትወስዱታላችሁ» አሉ እማማ ቶሚኤ።

«እማማ፣ ባለፈው ተስማምተን አልነበር እንዴ?» አለ ኖሪሂሳ።

«የተስማማው ጊሳኩ ነው። እሱ እንደሆነ ለሁሉም እሺ ነው።»

«አንቺ ለሁሉም እንቢ ስትዪ፣ እሺ የሚል ሰው ያስፈልጋላ!» አሉ ጋሽ ጊሳኩ።

ኖሪሂሳ ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። ነጭ ልብሱ እንደሚቆሽሽ እያወቀ አጠገባቸው ዘፍ አለ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ደክሞኛል። በረዶ ከብዶት ጣሪያው ቢደረመስ የሚያነሳልኝ ሰው የለም።»

እማማ ቶሚኤ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«ከስተሃል» አሉ። ከዚያ መጥረጊያውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። አምላካችን መንገዱን አያውቀውም።»

ጸሎቱ ሲያበቃ ኖሪሂሳ አምላኩ ያለበትን ሳጥን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ አቀፈው። እንደ ደንቡ አፉን በነጭ ወረቀት ስለሸፈነ መናገር አይችልም። መኪናው ውስጥ እማማ ቶሚኤ ከጎኑ ተቀምጠው ለሳጥኑ ያወሩለት ጀመር።

«ይሄ የጠማቂው ቤት ነው፣ ልጆቹ ኦሳካ ከተማ ገቡ። ይሄ ትምህርት ቤት ነበር። ያቺን የፍራፍሬ ዛፍ አሁን የሚለቅማት ጦጣ ነው።»

ኖሪሂሳ ድምፃቸውን እየሰማ ዓይኑ ተከደነ።

ሲነቃ መኪናው ቆሟል። የእማማ ቶሚኤ እጆች ሳጥኑን ከሥር ደግፈው ይዘዋል። ውጭ ጥቁር ሱፍ የለበሱ የከተማው ሽማግሌዎች ተቆጥተው ይንጎራደዳሉ።

«ይቀስቅሱት ሲሉኝ ነበር» አሉ እማማ ቶሚኤ። «እየጸለየ ነው አልኳቸው።»

«በማንኮራፋት የሚጸለይ አይመስላቸውም!» አሉ ጋሽ ጊሳኩ ከፊት።

ኖሪሂሳ ሳቁ አመለጠውና አፉ ላይ ያለው ወረቀት ተርገበገበ።

ሳጥኑ ከከተማው አማልክት ጎን ገብቶ ሥርዓቱ ተፈጸመ። ሽማግሌዎቹ እንደ ጸሎቱ ደንብ አጎንብሰው፣ አጨብጭበው፣ ወደ ምሳቸው ሄዱ። እማማ ቶሚኤ ቆመው ቀሩ።

«የኛው የቱ ጋ ነው?»

«በስተግራ፣ ጥጉ ላይ።»

«ጥጉ ላይ!» አሉ። ቢሆንም በፊቱ ቆመው ሁለቴ አጨበጨቡ። ካጎነበሱ በኋላ ወገባቸው አልቃና ስላላቸው ኖሪሂሳ ክንዳቸውን ይዞ አቀናቸው። እሱም ተደግፎ ቢቆም ደስ ባለው ነበር።

ኖሪሂሳ የራሱ መኪና እላይ መንደሩ ስለቀረ አብሯቸው ተመለሰ። ዳገቱን ሲጀምሩ ጋሽ ጊሳኩ ሬዲዮ ከፈቱ። እማማ ቶሚኤም ዝጋው አላሉም።