በባዶ ሆድ

ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ሳሎን ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ያቤጽ ዋቅቶላ፣ ሚስቱ ማራናታ፣ ታላቅ ወንድሙ እዝራ፣ እና ሁለቱን ወንድማማቾች የወለዱት ወይዘሮ አዝመራ። አምስተኛው ሰው የያቤጽ የሥራ ባልደረባ ሀይደር ነው፤ እሱ ታች ግቢ ውስጥ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ በሻሽ የተጠቀለለ ድስት ተቀምጧል። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ክዳኑ ሳይነሳ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ጩምቦ ነው፤ ወለጋ ውስጥ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ፣ በቅመም ቅቤና በአይብ የራሰ ወፍራም የጤፍ ቂጣ። ወይዘሮ አዝመራ ትናንት ከነቀምት ሲመጡ ቅቤውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የተጓዙት።

ያቤጽ ከድስቱ ርቆ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ለሦስት ሰው የተሠራው ሶፋ ለእሱ ብቻ ነበር የሚበቃው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ከሾርባና ከወተት በቀር በአፉ የገባ ነገር የለም። ከትናንት ምሽት ጀምሮ ደግሞ ውሃም ተከልክሏል። ዛሬ ረፋዱ ላይ ጨጓራውን ቆርጠው አብዛኛውን ሊያወጡለት ነው። የሚቀረው አንድ ሙዝ የሚያህል ብቻ ይሆናል።

«የሙዝ ያህል!» አለ እዝራ። ቦሌ ሚካኤል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው ነው። «ጌታ ሙዝ የሚያህል ሆድ ሊሰጥህ ቢፈልግ ኖሮ ያቅተው ነበር?»

«እዝራ፣ ዛሬን እንኳ ተወው» አለች ማራናታ።

«ምኑን ነው የምተወው? ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዝንለት። ጉባኤው በሙሉ ስሙን እየጠራ አለቀሰ። እሱ በሁለተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ ሲገምጥ ተገኘ!» ወደ ወንድሙ ዞረ። «መጾም ያቃተው ሰው ሆዱን በቢላ ያስጾማል፤ አይደል?»

ያቤጽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሳምቡሳው ነገር እውነት ነበር። ሌላው ስድብ ሁሉ እንደ ዝናብ ወርዶ ሲያልፍ ይሄኛው ብቻ ቆዳው ሥር የቀረው ለዚህ ነው።

የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው። የአበባ ካርቶንና የሥጋ ሳጥን ሲመዝን ይውላል። ባልደረቦቹ «ኤክሰስ» ይሉታል፤ መንገደኛ ከተፈቀደለት በላይ ይዞ ሲመጣ ትርፉ ሻንጣ የሚጠራበት ስም ነው። ያወጣለት ሀይደር ነበር። በዚህ ቅጽል መጥራቱን ቀድሞ የተወውም ሀይደር ነው። ባለፈው ክረምት ያቤጽ ደረጃ ላይ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ተጋግዘው ካወረዱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቤጽ ብሎ ይጠራዋል፤ ያም ቢሆን ያቤጽን ከቀልዱ ይልቅ አስፈርቶታል።

የሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነው። እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ይቋረጣል። ማራናታ ጎኑ ተኝታ ታዳምጣለች፤ ዝምታው ሲረዝምባት በክርኗ ትጎስመዋለች፤ እሱም ከወንዝ እንደወጣ ሰው አየር እየሳበ ይነቃል። አንድ ጠዋት ሻይ እየቀዳችለት፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ «አንድ ቀን እኔንም እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችው። ለቀዶ ሕክምናው የቆረጠው ያን ጠዋት ነው።

ወይዘሮ አዝመራ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ድስቱ ክዳን ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«አባትህም በእግሩ ነው ሐኪም ቤት የገባው» አሉ በመጨረሻ። «በሳጥን ወጣ።»

«አባዬ የገባው ልቡ ደክሞ ነው፣ እማዬ። ልቡ የደከመው ደግሞ...»

«ደግሞ ምን? ስላበላሁት ነው? በል ጨርሰዋ!»

አባቱ ሲሞት አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር። ለቅሶ ላይ የመጣው ሁሉ «ምን የመሰለ፣ የደላው ሰው!» እያለ ነበር ደረቱን የደቃው። ያቤጽ አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአባቱ ኮት ከጠበበው ቆይቷል።

ትናንት ማታ እናቱ ከእዝራ ቤት ደውለውለት ነበር። በቀዶ ሕክምናው ሰበብ ከመጣው የወራት ኩርፊያ በኋላ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«ቁርስ ሳትቀምስ ነው የምትሄደው?» አሉት።

«አዎ። ሆዴ ውስጥ ትንሽ ነገር ከተገኘ አያደርጉልኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተራዬ ያልፋል። ሐኪሙ ዓርብ ወደ ውጭ ይበራል፤ እስከ መስከረም አይመለስም።»

«እህ» አሉ። ቆየት ብለው፣ «በል ደህና እደር፣ ኢልማ ኮ» አሉት። አፋቸውን በፈቱበት በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው፤ ሲቆጡ የማይጠሩበት ስም። ያቤጽ ታረቁኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር የተኛው።

አሁን እዝራ ለጸሎት ተነሳ። ጸሎቱ ወደ ላይ ይነገር እንጂ የተወረወረው ወደ ሶፋው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ የእጅህን ሥራ የሚንቁትን አንተ ታውቃለህ። ሥጋቸውን ማሸነፍ አቅቷቸው በሥጋ ለባሽ የሚታመኑትን...» ማራናታ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ አሜንም አላለችም።

ታች የሀይደር ጡሩምባ ተሰማ። ያቤጽ የሶፋውን እጀታ ተደግፎ ተነሳ።

እናቱም ተነሱ። ሻሹን ፈቱ፤ ክዳኑን አነሱ። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። በሦስት ጣታቸው ቆርሰው፣ ቅቤው ውስጥ መልሰው ነከሩ፤ ጠቀለሉ። በልጅነቱ በዓል በመጣ ቁጥር የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእሱ ሲያዘጋጁ እንደሚያደርጉት ነው፤ ያኔም ጠቅልለው ሳይጨርሱ እሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

«ከእጄ ሳትጎርስ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

«እማዬ፣ ትናንት ነገርኩሽ እኮ።»

«ይቺን ብቻ። ይቺ ምግብ አይደለችም፤ ምርቃት ናት።»

«እማማ፣ እባክዎ...» ማራናታ መሃል ገባች።

«አንቺ ዞር በይ! አግብተሽው ነው እንጂ አላሳደግሽውም።» እጃቸው ወደ ልጃቸው አፍ ተጠጋ። ቅቤው በአንጓቸው ወደ ክንዳቸው ወረደ። «በሞቴ!»

እዝራ እንኳ ደነገጠ። ወይዘሮ አዝመራ ጌታን ከተቀበሉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ምለው አያውቁም። ጎረቤት «በሞቴ ብሉልኝ» ሲላቸው እንኳ፣ «አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም በይ፤ ከዚህ የወጣው ከክፉው ነው» ብለው የሚገሥጹ ሴት ናቸው።

የያቤጽ አፍ ከሐሳቡ ቀድሞ ተከፈተ።

ጉርሻው ገባ። ቅቤው ምላሱ ላይ ቀለጠ፤ ኮረሪማው እስከ አፍንጫው ወጣ። ሁለት ሳምንት የተራበ ሰውነቱ በሙሉ ወደ አፉ የመጣ መሰለው። ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ሊውጥ ነበር።

ያኔ እናቱን አያቸው። የሚያጎርስ ሰው የሚያጎርሰውን ሰው ፊት ነው የሚያየው፤ ጣፈጠው ወይስ አልጣፈጠውም ብሎ። ወይዘሮ አዝመራ ግን ፊቱን አላዩም። ዓይናቸውን የተከሉት ጉሮሮው ላይ ነበር።

የትናንቱ ስልክ ትዝ አለው። «ከዚያስ?» ያሉበት ድምፅ።

መዳፉን አፉ ሥር ዘርግቶ ጉርሻውን ተፋው።

ወይዘሮ አዝመራ በቀስታ፣ «እኔን ነው የተፋኸው» አሉ።

«የእናቱን እጅ ተፋ!» እዝራ ጮኸ። «የእናቱን እጅ! ሂድ፣ ውጣ! ቢላው ላይ ብትቀር እኔ ሬሳህን አላነሳም፣ ሰማህ?»

ማራናታ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «በሕይወት እያለ መቼ አንስተኸው ታውቃለህ? ክረምት ላይ ሲወድቅ ያነሳው እስላሙ ሀይደር ነው። አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ።»

እዝራ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ግን እናቱ ወደ ያቤጽ ሲራመዱ አይቶ መንገድ ለቀቀላቸው። ወይዘሮ አዝመራ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ጉርሻውን ከመዳፉ ላይ አነሱ፤ ጎረሱት፤ አላምጠው ዋጡት።

«ስትተፋ የምበላው ድሮም እኔ ነበርኩ» አሉ። ድምፃቸው ላይ ምንም ርኅራኄ አልነበረም። «በሞቴ ብያለሁ። መሐላው እንግዲህ በእኔው ላይ ይውረድ። አንተ ሂድ። አልጋህ አጠገብ ግን አትጠብቀኝ።»

ደረጃውን ለመውረድ እንደ ወትሮው በየፎቁ ቆመ። ማራናታ ሻንጣውን ይዛ ከፊቱ ትወርዳለች። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሀይደር አየሩን አሸተተ።

«ወላሂ ቅቤ ሸተተኝ! እኔ በረመዳን ስጾም ፊቴ ላይ በርገር ስትበላ አልነበር? እሰይ፣ ዛሬ ደረሰብህ።» የሳቀለት አልነበረም። በመስተዋቱ ሁለቱንም አያቸውና ማርሽ አስገባ።

አደባባዩን ካለፉ በኋላ ማራናታ፣ «ዋጥክ?» ብላ ጠየቀችው።

«አልዋጥኩም። ቅቤው ግን... አላውቅም።»

ነገሩን በአጭሩ ስትነግረው ሀይደር መሪውን በመዳፉ መታ። «ታዲያ ተፍተኸው የለ! ምንም አልቀመስኩም በላቸው። አንዴ ተራህ ካለፈች መስከረም ሩቅ ነው፤ ያንን ደረጃ ስንት ጊዜ ትወጣዋለህ እስከዚያ?»

ያቤጽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ስለ መስከረም እሱም እያሰበ ነበር።

ሆስፒታሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። የተቀበለቻቸው ሚስኪ የምትባል ነርስ ግፊቱን ለካች፤ ሰማያዊውን የሕሙማን ልብስ ሰጠችው፤ ትልቁ ቁጥር እንኳ ከኋላው አልገጠመም። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከትናንት ማታ ወዲህ የበሉት ነገር አለ?»

«አልበላሁም።»

«ጉርሻስ?»

ያቤጽ ቀና ብሎ አያት።

«ጉርሻን ለብቻው ነው የምጠይቀው» አለች። «ሁሉም አልበላሁም ይላል፤ እውነቱንም ነው። እዚህ አገር ጉርሻን ማን መብላት ብሎ ይቆጥረዋል? አንዷ መርቀው ሲሸኟት ሦስት ጎርሳ መጥታ ነበር። ማደንዘዣ ላይ ሆና አስመለሳት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ሲል ለጥቂት ነው የዳነችው።»

ማራናታ የባሏን እጅ ያዘች፤ አጥብቃ ግን አልያዘችውም። ምን እንዲል እንደምትፈልግ ከእጇ ማወቅ አልቻለም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የለም ካለ ዛሬ ይገባል፤ ምናልባትም አይወጣም። አለ ካለ ደግሞ እናቱ አሸነፉ፤ መዳፉ ላይ የተፋውም በከንቱ ነበር።

«ጎርሻለሁ» አለ። «ተፍቼዋለሁ። ቅቤው ግን ሳይወርድ አይቀርም።»

ሚስኪ ወጣችና የማደንዘዣ ሐኪሙን ይዛ ተመለሰች። ገብረወልድ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቁጡ ሰው ነው።

«ማነው ያጎረሰህ?»

«እናቴ።»

«አልነገርካትም?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ነግረሃት ነው?» ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ልትገድልህ ነው እንዴ የፈለገችው?»

«አይ» አለ ያቤጽ። «እንዳልሞት ነው።»

ገብረወልድ መነጽሩን መልሶ አድርጎ ፊቱን ወደ ሚስኪ አዞረ። «የመጨረሻ ተረኛ ይሁን። እስከዚያ ከንፈሩ ውሃ ቢነካ ወደ ቤቱ ትሸኙታላችሁ።» በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

የቀረው መጠበቅ ነበር። በመስኮቱ አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ ሲነሱ ይታያሉ። ያቤጽ ሌላ ቀን ቢሆን የትኛው አበባ እንደጫነ ይገምት ነበር። አሁን የሚያስበው ስለ አፉ ነው። ኮረሪማው አልለቀቀውም። ከዛሬ በኋላ እንደዚያ አድርጎ አፉን ሞልቶ እንደማይጎርስ ያውቃል፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ የበሉት ደግሞ እናቱ ናቸው። ልብሱን ቀይሮ ቢወጣ የሚይዘው ሰው እንደሌለም ያውቃል። ሁለት ጊዜ ተነስቶ መስኮቱ ድረስ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጠራ። የእዝራ ቁጥር ነው። ማራናታ እንዳያነሳው ራሷን ነቀነቀች፤ አነሳው።

የሚናገር ሰው የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ በአፍንጫ የሚሳብ፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንፋሽ። የወንድሙ አልነበረም።

«እማዬ» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ትንፋሹን አሰማቸው፤ አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። በዚያኛው ጫፍም እንደዚሁ ነበር። ሚስኪ ተሽከርካሪውን አልጋ እየገፋች እስክትመጣ ድረስ ማንም ስልኩን አልዘጋም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰዱት። ወይዘሮ አዝመራ በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው መንቃቱን በስልክ ሰሙ፤ ወደ ነቀምት በሚሄደው አውቶቡስም ተሳፈሩ። ድስቱ ሰሚት ቀረ።