ኦሪጅናሉ የቱ ነው?

መካኒኩ መፍቻውን ወለሉ ላይ ወረወረው። ከኋላ እየተገፋ የሚያርሰው የአጎቱ አሮጌ ማሽን ደሙን አፍልቶታል። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን፣ የማሽኑ ስምና ቁጥር የተጻፈበትን ቆርቆሮ አምኖ በዚያው ስምና ቁጥር መለዋወጫ አስመጣ፤ ሊገጥም ሲል ግን አንዱም አልገባ አለ። ማርሹ ሰፋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አጠረ።

"ጋሼ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ ነገር ምንድን ነው?"

አጎትየው በርጩማቸው ላይ ተመቻቹ። "ሞተሩማ የውሃ ፓምፕ ነበር። ማርሹን ጎረቤት ነው የሰጠኝ። ጎማው የጋሪ ነው።"

"ቆርቆሮውስ?"

"እሱን ከሌላ ማሽን ላይ ነቅዬ ነው የለጠፍኩት። ባዶውን ሳየው ቅር ብሎኝ።"

መካኒኩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "እኔ እዚህ ስሙን ፍለጋ ስባዝን ቁጭ ብለው ያዩኛል? ኧረ ይተዉኝ! ለመሆኑ ከድሮው የቀረ ነገር አለ?"

"አለ እንጂ! እጀታው አለ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲይዘው የኖረበት ቦታ እንጨቱ ሰርጉዷል። እዚያ ላይ ይዤ ስገፋ አብሮኝ የሚያርስ ይመስለኛል። ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፣ እሱን ብቻ እንዳትነካብኝ።"

መካኒኩ ወደ በሩ ዞረ። በአሮጌው ምትክ የሠራው አዲሱ የብረት እጀታ ቀለም ተቀብቶ ከበሩ ጀርባ እየደረቀ ነው። አሮጌውን እንጨት ደግሞ ማሽኑ እየተንከባለለ ቢያስቸግረው ጊዜ፣ ጠዋት በንዴት በመጋዝ ቆራርጦ ከጎማዎቹ ስር ወትፎታል።